ኮሌጁ የሚሠራው እናንተ ስትጠይቁ ነው

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በገጠሩ ኢኮኖሚ ውስጥ ያለው ድርሻ
ለሞዴል አርሶ አደሮች ስልጠና የቀረበ ንግግር



በዚህ ስልጠና ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ መኖ አያያዝ ስትወያዩ ቆይታችኋል። የእኔ ርዕስ ከእነዚህ ትንሽ ለየት ይላል። የማነጋግራችሁ ስለ ኮሌጅ ነው።

«ኮሌጅ ለእኛ ምናችን ነው? ልጅ እንልክበታለን፤ ከዚያ ያለፈ ምን አለን?» የሚል ይኖራል። እስካሁን ብዙዎቻችን ኮሌጅን የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። ልጅ ይገባበታል፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ሐሳብ ነው። በአካባቢያችሁ ያለው ኮሌጅ ለወረዳው ኢኮኖሚ ጠቃሚ የሚሆነው አርሶ አደሩ ችግሩን ለይቶ ሲወስድለት፣ ሰልጣኙን ማሳው ላይ ሲቀበልና የተመራቂውን አገልግሎት ከፍሎ ሲገዛ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ኮሌጁ ሕንፃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

1. መሬቱ ያው ነው፣ ቤተሰቡ ግን ጨምሯል

በአገራችን የአብዛኛው አርሶ አደር ይዞታ ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። አንድ ሄክታር ያለው አባት አራት ልጆች ቢኖሩትና እኩል ላካፍል ቢል፣ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው አንድ ጥማድ ነው። በአንድ ጥማድ ጎጆ እንደማይወጣ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንዱ ልጅ ከአባቱ ጋር ያርሳል። ሌላው ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላ ታነጋግራለች። ቤተሰቡም ያለችውን ጥሪት ለጉዞው ያወጣል።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እንቁጠር። የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ጠጋኝ ከከተማ እንጠራለን። በኩታ ገጠም የተዘራውን ስንዴ ለማጨድ ኮምባይነር ከነሹፌሩ ከሌላ አካባቢ እንከራያለን። ላም ስትታመም ወይም ኮርማ ስትፈልግ ባለሙያ ፍለጋ እንዞራለን። ጫጩት ከሩቅ እናስመጣለን። ወተቱን የሚያቀነባብር ሰው ስለሌለ በጾም ወቅት ገዢ እናጣለን። ከእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ የሚወጣ ገንዘብ አለ፤ ያ ገንዘብ በብዛት ከቀበሌያችን ወጥቶ ይሄዳል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ በኩል መሬት ያልደረሳቸው ልጆች አሉ። በሌላ በኩል ሠሪ አጥተው ከሌላ ቦታ በሚመጣ ሰው የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። በመካከላቸው የጎደለው ሙያ ነው። ኮሌጅ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

2. ሙያ ሲጎድል የሚጠፋው ስንት ነው?

የሙያ እጥረት እንደ ድርቅና እንደ በረዶ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ኪሳራውን አንቆጥረውም። ሦስት ምሳሌዎችን እንይ።

የመጀመሪያው የወተት ላም ነው። አንዲት ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ጠዋት ምልክት ካሳየች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካሳየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። አዳቃይ ባለሙያው ሩቅ ከሆነ ወይም በዚያ ሰዓት ካልተገኘ ዕድሉ ያልፋል፤ ላሟ እንደገና ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ ከ21 ቀን በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ቢያልፍ 63 ቀን፣ ማለትም ከሁለት ወር በላይ ሄደ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት ላሟ መኖ ትበላለች፤ ጥጃውና ወተቱ ግን በዚያው ልክ ይዘገያሉ። ይህ የዝርያም የመኖም ጉድለት አይደለም። በሰዓቱ የሚደርስ አንድ የሰለጠነ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሁለተኛው የበጋ መስኖ ስንዴ ነው። ስንዴ አበባ ሲያወጣና ፍሬ መሙላት ሲጀምር ውሃ ከተቋረጠበት ምርቱ ይቀንሳል። ፓምፑ የቆመው አየር ማጣሪያው በአቧራ ስለታፈነ ወይም ዘይቱ በጊዜው ስላልተቀየረ ሊሆን ይችላል። ጥገናው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጠጋኙን መጠበቅ ግን ሳምንት ይፈጃል። አርሶ አደሩ ምርጥ ዘር ገዝቷል፣ ማዳበሪያ ተበድሮ አድርጓል፣ ጉልበቱን አፍስሷል። ይህ ሁሉ ወጪ በአንዲት ማጣሪያ ምክንያት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛውን ምሳሌ ከፎገራ ልውሰድ። የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት መሬት ነው። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ባሉበት፣ ሩዝ ተሞከረ። ዛሬም በአርሶ አደሩ ዘንድ የሚታወቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የሩዝ ማሳ ሆነ፤ ወረታ ከተማም የሩዝ መፈተጊያዎች የተሰባሰቡባት የንግድ ቦታ ሆነች። አንድ ሰብል አካባቢን እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ነገር ግን ሩዝ ማሳ ላይ አያልቅም። ልጦ የማንጣቱን ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት የብረት መፈተጊያ፣ ካልተፈተገ 1 ኩንታል ሩዝ ከ53 እስከ 55 ኪሎ ያህል የተፈተገ ሩዝ ይሰጣል፤ ብዙውንም ይሰባብረዋል። በጎማ ጥቅል የሚልጥና በሁለተኛ ደረጃ የሚያነጣ ማሽን በትክክል ከተያዘ 65 ኪሎ ያህል ይሰጣል። ልዩነቱ በየኩንታሉ 10 ኪሎ ነው። 20 ኩንታል የሚያስፈትግ አርሶ አደር 200 ኪሎ ሩዝ ያገኛል ወይም ያጣል ማለት ነው። ለዚያውም ያለ ተጨማሪ መሬት፣ ያለ ተጨማሪ ማዳበሪያ።

ማሽኑን መግዛት ብቻ ግን አይበቃም። የጎማ ጥቅሎቹን ርቀት የሚያስተካክል፣ ሲያልቁ የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋል። የሩዙ እርጥበት ወደ 14 በመቶ ሲደርስ ለመፈተግ ምቹ መሆኑን የሚያውቅ፣ ርጥቡም በፀሐይ ተቃጥሎ የደረቀውም እንደሚሰበር የሚያስረዳ ያስፈልጋል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ ያላቸውን ዝርያዎች ቀላቅሎ ማስፈተግ ስብራት እንደሚያበዛ ለአርሶ አደሩ የሚነግርም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ በስልጠና ይገኛል።

3. ኮሌጆቻችን ከየት መጡ?

ኮሌጁን ለመጠቀም አመጣጡን ማወቅ ይረዳል፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 አንድ ሕግ ወጣ። መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጠ፤ ከዚያ መሬት በሚገኘው ገቢም የእርሻና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተቋቋሙ። እነዚህ ኮሌጆች ውሎ አድሮ ሦስት ሥራዎችን አጣመሩ፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ዕውቀት ወደ ገበሬው መውሰድ።

ይህ አሠራር ወደ እኛ አገርም መጥቷል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሐረርጌ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ባለሙያዎች አግዘዋል፤ ሦስቱም ሥራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። የኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረውም ከዚያው ኮሌጅ ነው። በ1955 ዓ.ም. ግን የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለምርምር ራሱን የቻለ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሚያስተምረው፣ የሚመራመረውና ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በየራሳቸው መሥሪያ ቤት ሆኑ። እያንዳንዱ በበኩሉ አድጓል። ሆኖም አስተማሪው ከገበሬው ማሳ ራቀ፤ የገበሬውም ጥያቄ ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባበት በር ጠበበ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞችን ለመመደብ ወሰነ፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። እነሱን ለማፍራት በአገሪቱ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሥራ ጀመሩ። በክልላችን ወረታ፣ ቡሬ፣ ኮምቦልቻና መርሳ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ዛሬ በየቀበሌያችሁ የምታውቋቸው ብዙዎቹ የልማት ሠራተኞች ከእንደነዚህ ኮሌጆች የወጡ ናቸው። የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላትም የተስፋፉት በዚያው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ጊዜ የኮሌጁን ተመራቂ የሚቀጥረው መንግሥት ነበር። ተማሪው ሲገባም ሲወጣም ደመወዙን ያውቅ ነበር። ስንት ሰው በምን ሙያ ይሰልጥን የሚለውን የሚወስነውም ቀጣሪው መንግሥት ነበር። የልማት ሠራተኛው መደብ እየሞላ ሲሄድ ግን ኮሌጆቹ አዲስ ጥያቄ ገጠማቸው፦ ከእንግዲህ የምናሰለጥነው ለማን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ለእናንተ ነው። የፓምፕ ጠጋኙን፣ የእንስሳት አዳቃዩን፣ የኮምባይነር ሹፌሩን፣ ችግኝ አፍይውን፣ የወተት አቀነባባሪውን አገልግሎት የሚገዛው አርሶ አደሩ ነው። ደንበኛው ዝም ካለ ግን ኮሌጁ በቀድሞው ልማድ ይቀጥላል። ያለውን አሰልጣኝና ያለውን መጽሐፍ ይዞ ያሰለጥናል፤ ተመራቂውም የቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል።

4. ከኮሌጅ ምን መጠየቅ ትችላላችሁ?

ብዙ አርሶ አደር ኮሌጅ የሚሰጠው የዓመታት ትምህርት ብቻ ይመስለዋል። ልትጠይቋቸው የምትችሏቸው አገልግሎቶች አምስት ናቸው።

ሀ. መደበኛ ስልጠና። ይህ ለልጆቻችሁ ነው፤ እንደ ሙያው በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ልጃችሁ የትኛውን ሙያ ይምረጥ ስትሉ፣ መጀመሪያ «በአካባቢያችን ሠሪ ያጣው ሥራ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለ. አጫጭር ስልጠና። በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያልቅ ነው። ለእናንተም፣ ለባለቤቶቻችሁም፣ ትምህርት ላቋረጡ ወጣቶችም ይሆናል። የዘመናዊ ቀፎ አያያዝ፣ የጫጩት ማሳደግ፣ የፓምፕ አያያዝ፣ የወተት ንጽሕናና አይብ አሠራር በዚህ መልክ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሐ. የብቃት ምዘና። በልምድ ሙያ የያዘ ሰው ኮሌጅ ባይገባም ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ሞተር እየፈታ የሚገጥም፣ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ልጅ በየቀበሌው አለ። ምስክር ወረቀቱ ለመቀጠርም፣ ማኅበር ለመመሥረትም፣ ብድር ለመጠየቅም ያግዘዋል።

መ. የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን። ይህ ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጥ ድጋፍ ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት፦ የቴክኒክ ክህሎት፣ የሥራ ፈጠራና የንግድ አመራር፣ ካይዘን፣ ቴክኖሎጂ። ልጆቻችሁ ተደራጅተው የዶሮ እርባታ ወይም የብረታ ብረት ሥራ ከጀመሩ የኮሌጁ አሰልጣኝ ያሉበት ድረስ ሄዶ ሊያግዛቸው ይገባል።

ሠ. የቴክኖሎጂ ሽግግር። ኮሌጆች የብረታ ብረትና የእንጨት ወርክሾፕ አላቸው። የበቆሎ መፈልፈያ፣ የመኖ መከትከቻ፣ የእህል ማከማቻ ጎተራ የመሳሰሉ መሣሪያዎችን ለአካባቢው እንዲስማሙ አድርገው ሠርተው ለወጣት ማኅበራት ማስተላለፍ ከሥራቸው አንዱ ነው። መሣሪያው ግን ማሳ ላይ ሳይሞከር ከወርክሾፕ ወጥቶ ቢቀር ጥቅም የለውም። ሞካሪዎቹ እናንተ መሆን አለባችሁ።

5. እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትላለች። ኮሌጁም ያልተነገረውን በሽታ አያክምም። ስለዚህ ከዚህ ስልጠና ስትመለሱ ልትጀምሯቸው የምትችሏቸው አራት ሥራዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ ችግራችሁን ቆጥራችሁ ውሰዱ። «ስልጠና ስጡን» ማለት በቂ አይደለም። ምን ይበላሻል? መቼ? ስንት አባወራና እማወራ ይጎዳል? ኪሳራው ስንት ነው? የሚሉትን ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ሆናችሁ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በቀበሌያችን 42 የውሃ ፓምፖች አሉ። ባለፈው በጋ 15ቱ ተበላሽተው ቆመዋል። አንዱ ሲቆም በአማካይ ለ8 ቀን ውሃ ይቋረጣል። ጠጋኝ የሚመጣው ከከተማ ነው። ለመሰልጠን ፈቃደኛ የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወጣቶች አሉን። ለልምምድ የሚሆኑ ሦስት የተበላሹ ፓምፖችን ማምጣት እንችላለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩልኝ። ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የልምምድ መሣሪያ ያንሳቸዋል። የእናንተ የተበላሸ ፓምፕ ለእነሱ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ሰልጣኞች በአሰልጣኝ ፊት እየፈቱ ይማሩበታል፤ እናንተም የመለዋወጫውን ዋጋ ችላችሁ ተጠግኖ ትወስዳላችሁ። ደብዳቤው በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ወይም በቀበሌው በኩል፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በግልባጭ ቢሄድ ክብደት ይኖረዋል።

ሁለተኛ፦ ሰልጣኝ ተቀበሉ። የቴክኒክና ሙያ ስልጠና አቅጣጫ ሰልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲሰለጥን ነው፤ የትብብር ስልጠና ይባላል። በከተማ ሰልጣኙን ፋብሪካውና ጋራዡ ይቀበለዋል። በገጠር የሰብልና የእንስሳት ሰልጣኝ ሥራ ቦታው የማን ነው? የእናንተ ማሳ፣ የእናንተ በረት ነው። ሞዴል አርሶ አደር ካልተቀበለው የግብርና ሰልጣኝ ላም ሳያልብ፣ መስመር ሳያወጣ ይመረቃል። ከዚያም «የኮሌጅ ልጅ ሥራ አያውቅም» ብለን እንወቅሰዋለን።

ሰልጣኝ ስትቀበሉ ሦስት ነገሮችን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ምን ምን ሥራ እንደሚማር ከአሰልጣኙ ጋር በዝርዝር ይጻፍ፤ ነፃ ጉልበት አይደለምና አረም ሲያርም ብቻ አይዋል። ምግቡና ማደሪያው በማን እንደሚሸፈን ይታወቅ፤ በተለይ ሴት ሰልጣኝ ስትመጣ ከቤተሰብ ጋር በደህና ቦታ ታድራለች። የፀረ ተባይ ኬሚካል የሚረጭ ሰልጣኝ ጓንት፣ ጭምብልና ቦት ጫማ ሳያደርግ አይርጭ። ሲጨርስም በመከታተያ መዝገቡ ላይ የምትፈርሙት በእርግጥ ለተማረው ብቻ ይሁን። ላልቻለው ልጅ ቻለ ብሎ መፈረም ደግነት አይደለም፤ ነገ የእናንተው ጎረቤት ላም ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ የስልጠናውን ጊዜና መልክ እናንተ ወስኑ። በአጨዳ ሰሞን የተጠራ ስልጠና ሰው አያገኝም። እናት ከብት አልባ፣ ልጆች አብልታ በምትመጣበት ሰዓት ካልተደረገ የወተት ስልጠና ላይ የሚቀመጠው ወተት የማይነካው ወንድ ብቻ ይሆናል። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሯቸው። ከጊዜው አብዛኛው በእጅ የሚሠራ እንዲሆን ጠይቁ። ኮሌጁ ሩቅ ከሆነ አሰልጣኙ ወደ አርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላችሁ እንዲመጣ ጠይቁ፤ ማዕከሉ የተሠራው ለዚህ ነው።

አራተኛ፦ አገልግሎቱን ግዙ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የሰለጠነ ወጣት ገዢ ካላገኘ ሙያውን ይዞ ይሄዳል። አንድ ምሳሌ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ዋጋውን በየአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት። በሦስት አጎራባች ቀበሌዎች 60 ፓምፖች አሉ እንበል። ባለቤቶቹ ለእያንዳንዱ ፓምፕ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመስኖ በፊት፣ አንዱ በመካከል፣ ምርመራና ጥገና ለማሠራት ተስማሙ። ለአንድ ጊዜ 500 ብር ቢከፍሉ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። ይህ ለአንድ ወጣት የሥራ መነሻ ነው፤ የመለዋወጫ ሽያጩና ድንገተኛ ጥገናው ሲጨመርበት ደግሞ ገቢው ያድጋል። ለእያንዳንዱ አርሶ አደር የደረሰው ወጪ በዓመት 1,000 ብር ነው። ያንን ከአንድ ሳምንት የውሃ መቋረጥ ጋር አመዛዝኑት።

የላም አዳቃዩም፣ የመርጨት አገልግሎቱም፣ የእህል መውቂያውም ስሌት እንዲሁ ነው። ዋናው ነገር ስምምነቱ ልጁ ለስልጠና ከመሄዱ በፊት መደረጉ ነው። ያን ጊዜ ኮሌጅ የሚገባው ሥራው እየጠበቀው ነው።

6. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

ኮሌጅ ሁሉን አያደርግም። ገበያ አይፈጥርም፣ ብድር አይሰጥም፣ መንገድ አይሠራም። ስለዚህ ስልጠናው ከዩኒየኑ፣ ከብድር ተቋሙና ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ጋር ካልተያያዘ ወጣቱ ሙያ ይዞ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ዶሮ ማርባት የሰለጠነ ልጅ ጫጩቱን ከየት፣ መኖውን ከየት፣ እንቁላሉን ለማን የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ስልጠናው ሳይጀመር ሊመለሱለት ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አንድ ሙያ ላይ መጎረፍ ነው። ከሌማት ትሩፋት መጀመር ወዲህ እንቁላል፣ ወተትና ማር ላይ ብዙ ተነሣሽነት አለ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ 30 ወጣቶች ሁሉም ዶሮ ካረቡ በቅርብ ያለው ገበያ ይጠግባል፣ መኖው ይወደዳል። ከ30ዎቹ ጥቂቶቹ ጫጩት አሳዳጊ፣ ጥቂቶቹ መኖ አቀነባባሪ፣ አንዱ ቤትና ቀፎ ሠሪ፣ አንዱ ክትባት ሰጪ፣ ሌሎቹ ሰብሳቢና ነጋዴ ቢሆኑ አንዱ ለሌላው ገበያ ይሆናል። የአካባቢ ኢኮኖሚ የሚባለውም እንዲህ ያለው ነው፤ የአንዱ ወጪ ለጎረቤቱ ገቢ ሲሆን፣ ገንዘቡም ከመውጣቱ በፊት ቀበሌው ውስጥ ሲዘዋወር።

ሦስተኛው የአበል ነገር ነው። በግልጽ እንነጋገር። ለአበል ብቻ የሚገባበት ስልጠና ስም ዝርዝር ይሞላል እንጂ ፓምፕ አይጠግንም። አንድ ሰው አምስት ስልጠና ወስዶ አንዱንም ካልሠራበት የአምስት ሰው ቦታ ይዟል። ለስልጠና ስም ስታስመዘግቡ «ይህ ሰው ሲመለስ ምን ይሠራልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለምስክር ወረቀትም ይሠራል።

አራተኛ፣ አሰልጣኙም ተማሪ መሆኑን አትርሱ። አዲስ ዓይነት ማሽን ወደ ወረዳው ሲገባ አንዳንድ ጊዜ አርሶ አደሩ ከአሰልጣኙ ቀድሞ ያየዋል። ይህ ነውር አይደለም። ጠርታችሁ አሳዩት፤ አብራችሁ ፍቱት። ከላይ እንዳነሣሁት መምህሩ ከማሳው ሲርቅ ትምህርቱ ይደርቃል። መልሶ የሚያቀርበው የእናንተ ግብዣ ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፤

ሞዴል የተባላችሁት በምርታችሁ ነው። ምርት ያሳደገ አርሶ አደር ግን ከጎኑ ባለሙያ ካልበቀለ ብቻውን ይቀራል፤ ያመረተውም በመንገድ ላይ ይባክናል። መሬት ለልጆቻችን ሁሉ ላይበቃ ይችላል። ከመሬቱ ዙሪያ ያለው ሥራ ግን ገና አልተነካም። ኮሌጁ ያን ሥራ የሚከፍት ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ በሩ የት እንዳለ የምታውቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

በዚህ በጋ ከየቀበሌያችሁ አንድ የተቆጠረ ችግር፣ አንድ ወይም ሁለት ፈቃደኛ ወጣቶች፣ አገልግሎቱን ለመግዛት የተስማሙ ጎረቤቶች ስም ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ኮሌጁ ሂዱ። ከሦስቱ አንዱም አይጉደል።



ለቡድን ውይይት

ሀ. ባለፈው ዓመት ከቀበሌያችሁ ውጭ በመጣ ባለሙያ ያሠራችኋቸውን ሥራዎች ዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ ስንት ከፈላችሁ? ስንት ቀን ጠበቃችሁ?

ለ. ከዝርዝሩ ውስጥ በአካባቢያችሁ ወጣት ሊሠራ የሚችለውን አንድ ሥራ ምረጡ። አገልግሎቱን በዓመት ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰው ይገዛል? በቁጥር አስሉ።

ሐ. በቡድናችሁ ውስጥ ሰልጣኝ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነ ማን ነው? ምን ምን ሥራ ሊያስተምር ይችላል?

መ. ለእናቶችና ለሴት ወጣቶች የሚመች የስልጠና ወር፣ ቀንና ሰዓት የትኛው ነው? መልሱን እነሱው ይስጡ፤ ጸሐፊው ይመዝግብ።

ሠ. ለኮሌጁ የሚጻፈውን ደብዳቤ በምሳሌው መሠረት አዘጋጁና ከመለያየታችሁ በፊት ለልማት ሠራተኛችሁ አስረክቡ።